ሕንፃው የእሷ፣ ኪራዩስ?

ጠበቃው ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ባለቤቴን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

እኔ እዚያ የሄድኩት ለአጀብ ነው። ባለቤቴ ከአባቷ የወረሰችው ገርጂ አካባቢ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አላት። 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግራውንዱን የተከራየው ባንክ ውሉን ሊያድስ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለባንክ ቅርንጫፍ ያከራየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባንክ ብዙ ጊዜ የወር የወሩን አይከፍልም፤ የዓመታቱን ኪራይ ባንዴ ነው የሚጥልልህ። እኛም እሱን ነበር የምንጠብቀው። «ሕንፃው የእሷ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» አልኩት እየሳቅኩ።

ጠበቃው አልሳቀም። «ሕንፃውስ የእሷ ነው። ለማከራየትም ያንተ ፊርማ አያስፈልጋትም፤ የግል ንብረቷን ራሷ ታስተዳድራለች። የሚገባው ኪራይ ግን የሁለታችሁ ነው» አለ። ባለቤቴ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥብቅና ፈቃድ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

ከተጋባን ጀምሮ ስለ ብዙ ነገር ተጣልተን ታርቀናል። ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ስለ እናቴ፣ ስለ መኪና፣ አንዴም ስለ ውሻ። ስለ ኪራዩ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ያ ነገር ነው ሲከነክነኝ የከረመው። ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው «የጥጋብ ችግር» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ የጥጋብ ችግር ነው። ግን የጥጋብ ችግር ስንት ቤት እንዳፈረሰ የውርስ ክርክር ሲሰማ የዋለ ዳኛ ጠይቁ።

ሕጉ ያለው እና እኛ የኖርነው

ቤት ስገባ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ አወጣሁና አነበብኩት። አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። አንቀጽ 57 ሰው ሲጋባ ይዞት የገባው፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ንብረት የግሉ ሆኖ ይቀጥላል ይላል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። «የአባቴ ነው» ሲባል ክርክሩ የሚዘጋው ለዚያ ነው።

ቀጥሎ አንቀጽ 62 አለ። ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት፣ ከጋራ ንብረታቸውም ሆነ ከግል ንብረታቸው የሚመነጨው ገቢ ሁሉ የጋራ ነው። ይህን ደግሞ ማንም አያውቀውም። ቢያውቅም አይናገረውም።

ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መጀመሪያ የገባኝ ስለ እሷ ገንዘብ አልነበረም። ስለ እኔ ነው። ስንጋባ እናቴ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላ ነው የመረቀችኝ፤ ምርቃት ከተባለ። እኔም ቃሏን ይዤ ጤፍ፣ ዘይት፣ የሠራተኛዋን ደመወዝ፣ መብራትና ውሃ ከደመወዜ እከፍላለሁ። ወር በገባ በሃያው ኪሴ ባዶ ነው። ሆኖም ኩራት አለኝ፣ በራሴ ገንዘብ ነዋ የምንበላው። በሕጉ ግን ደመወዜም ከመጀመሪያው የጋራ ነው። «በራሴ» እያልኩ የምኮራበት ጤፍ ግማሹ የእሷ ነበር።

እሷ ደግሞ ትልልቁን ትይዛለች። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ሰርግ፣ ተዝካር፣ አንዳንዴም ዱባይ። እንዲህ ስንኖር እኔ የሽንኩርት ዋጋ አውቃለሁ፣ እሷ የሲሚንቶ ዋጋ ታውቃለች። ቤታችን በዓመት ስንት እንደሚያወጣ ግን ሁለታችንም አናውቅም። ደመወዝ ላይ ብቻ የሚኖሩ ጓደኞቼ ይህን ቁጥር እስከ ሳንቲሙ ይነግሩሃል። እኛ የማናውቀው ማወቅ ስላላስፈለገን ነው። ሲጎድል ከሕንፃው ይሞላል።

ሌላም ነገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባል ወይም ሚስት የሟች ወራሽ አይሆኑም። አማቼ ሲሞቱ አማቴ የወሰዱት ከጋራው ሀብት ግማሻቸውን ነው፤ የእሳቸው ድርሻ በቀጥታ ወደ ልጆቹ ሄደ። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ብታልፍ ሕንፃው የልጆቻችን ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ይህን ጮክ ብሎ ማውራት ይከብዳል፣ ሟርት ይመስላል። ለእኔ ግን እፎይታ ነበር። ሕንፃው ላይ ዓይኔን እንዳልጥል ሕጉ ራሱ ነገሩን ጨርሶልኛል። የቀረን ኪራዩ ነው። በሕግ የሁለታችን የሆነው ደግሞ እሱ ነው።

መኪና ውስጥ

ከጠበቃው ቢሮ ስንወጣ ዝናብ ነበር። መኪናውን ሳላስነሳ ቁጭ አልን። ባለቤቴ ናት መጀመሪያ የተናገረችው።

«እስከ መቼ ነው እንግዳ ሆነህ የምትኖረው?»

«ማን እንግዳ አደረገኝ?» አልኳት። ደሜ ትንሽ ፈልቶ ነበር። «አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አጥሩ ሲሠራ፣ ጄኔሬተሩ ሲገዛ፣ ያ የወንድምሽ ልጅ ሲላክ?»

መልስ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔስ መቼ ባለቤት ሆኜ አውቃለሁ? ባለቤቱ አባባ ነው። አሁንም እሱ ነው» አለች።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ቤት ገንዘብ ባዳው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እሷ የገባችበት፣ እኔ በር ላይ የቆምኩ። ለካ እሷም በር ላይ ናት። ገንዘቡን የምታወጣው ሰርቃ እንደምታወጣ ሰው ነው፤ ቶሎ፣ ሳትቆጥር፣ ማንንም ሳታማክር። ብታማክር መዝኖ መወሰን ይመጣል። መወሰን ደግሞ የአባባን ቦታ መያዝ ይሆንባታል። አባቷ ካለፉ ዓመታት ቢቆጠሩም ተከራዮቹ ዛሬም «የጋሼ ሕንፃ» ነው የሚሉት። እሷም ሲሏት አታርማቸውም።

ያን ዕለት መኪና ውስጥ የተረዳሁትን ከዚያ ወዲህ በማውቃቸው ወራሽ ባልና ሚስቶች ዘንድ ሁሉ አየዋለሁ። ዋናው ሀብት ባለቤት አለው፤ ሟቹ። ስለዚህ አይነካም። የሚገባው ገንዘብ ግን ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ገንዘብ ደግሞ ወይ ይተኛል፣ ወይ ይበተናል።

የ1967 ጥላ

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስብ ሁሌ ወደ አማቼ ነው የምመለሰው። አባታቸው ጉለሌ የሚያከራዩአቸው ቤቶች ነበሯቸው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/67 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ቀረ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቀበሌ ሥር ገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ መንግሥቱ የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄዱ። አማቼ ያኔ ወጣት ናቸው። አባታቸው አንድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ሌሎቹን ከሩቅ ሲያዩ አይተዋል።

ከ1983 በኋላ መርካቶ ሸማ ተራ ገብተው የሠሩትን ሁሉ የሠሩት በዚያ ትዝታ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ ነበር። ባንክ አያምኑም፣ ሸሪክ አያምኑም፣ መንግሥት አያምኑም። የሚያምኑት ኮንክሪት ነው። እንግዲህ መሬቱ የመንግሥት በሆነበት አገር ኮንክሪት ማመን ራሱን የቻለ ቀልድ ነው፤ ግን ሌላ ምን ያምኑ? ለልጆቻቸው የተዉት ምክር አንድ ነው። «አትሽጡ።»

እኔ እንደሚመስለኝ የአዲስ አበባ ወራሾች ከሌላ አገር ወራሾች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የመውረስ ልምድ የለንም። 1967 ላይ ክሩ ተበጥሷል። ከ1983 በኋላ ሀብት ያፈራው ትውልድ አሁን ነው እያረጀና እያለፈ ያለው። በዚህ መጠን የሚወርስ ሰው ከተማው ውስጥ ለብዙ ጊዜ አልነበረም። ባልና ሚስት ሆነው በውርስ ሀብት እንዴት እንደሚኖሩ ያሳየን የለም። እንዴት እንደሚገነባ የነገሩን አባቶች አሉ። እንዴት እንደሚበላ የነገረን የለም። መብላት ራሱ እንደ ነውር ነው የሚታየው፤ «የአባቱን ገንዘብ የሚበላ» ስድብ ነው። ስለዚህ እየበላን እንዳልበላን እንሆናለን። ደብተር የማንይዘውም ለዚያ ነው ባይ ነኝ። ደብተር ምስክር ነው።

የተኛው ገንዘብ

ሲኤምሲ የሚኖሩ ወዳጆቻችን አሉ። ባልየው ከእናቱ የወረሰው የንግድ ቤት አለው። በ2016 ግንቦት ላይ የበርካታ ዓመታት ኪራይ ባንዴ ተከፈለው። ምን እናድርገው ተባለ። እሱ የእናቴን ገንዘብ በስህተት አጥፍቼ ብሎ ፈራ። እሷ የሰው ገንዘብ ላይ ምን አስተያየት ልስጥ ብላ ዝም አለች። ገንዘቡ ሰባት በመቶ በሚያስገኝ የቁጠባ ሂሳብ ተኛ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2014፣ የኑሮ ውድነቱ ከ30 በመቶ አልፎ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ማወቅና መወሰን ግን ለየቅል ነው።

ሐምሌ 22 ቀን ብሩ በገበያ ይመራ ተባለ። 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ባንክ ቤት ከመቶ በላይ ሆነ። ያው ጥቁር ገበያው ቀድሞ ሄዶ ስለነበር ዕቃው ሁሉ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። ግን ሊለውጡት ያሰቡት ጄኔሬተር በዚያ ገንዘብ የማይገዛ ሆነ። የሚገርመው ከዚያ በኋላም አልተጣሉም። ማን ማንን ይወቅሳል? የወሰነ ሰው የለም።

የእኛ ቤት ተቃራኒው ነበር፤ ገንዘብ አይተኛም፣ ይበተናል። ሥሩ ግን አንድ ነው።

አንድ የሚያሳስት ሐሳብ አለ። «ሕንፃ ካለን ቆጥበናል» የሚል። እኔ በደመወዜ እቁብ እጥላለሁ፣ ባንክም ትንሽ አስቀምጣለሁ። ከኪራዩ ግን አምስት ሳንቲም ቆጥበን አናውቅም፤ ሕንፃው ራሱ ቁጠባ መስሎን። ሕንፃ ግን ያረጃል። ሊፍቱ ይቆማል፣ የውሃ ፓምፑ ይቃጠላል፣ ጣሪያው ያፈሳል። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ ሁሉ ፊቱን ቀለም መቀባት፣ መብራት መስቀል ነበረበት። የግብር ሕጉ እንኳ ይህን ያውቀዋል፤ መዝገብ ለሚይዝ አከራይ የእርጅና ቅናሽ ይፈቅዳል። ከኪራዩ የተወሰነው ለመንግሥት ነው፤ ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው። የተወሰነው የሕንፃው የራሱ ነው። ከዚያ የተረፈው ነው የእኛ። እኛ ግን ሁሉንም የእኛ አድርገን ነበር የምናወጣው፤ «አትሽጡ» የተባልነውን በቀስታ እየሸጥነው ማለት ነው፣ በሊፍትና በፓምፕ።

ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ከዚህ የባሰ ያታልላል። ሂሳቡ ላይ ሚሊዮኖች ሲገቡ ሀብታም የሆንክ ይመስልሃል። የገባው ግን የሚመጡት ዓመታት ገንዘብ ነው። ዛሬ ካለቀ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ግራውንድ የሚገባ ነገር የለም። የእኛ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ ያደረግነው ለወራቱ ማካፈል ነው። ተካፍሎ ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም፣ ያን ያህልም አያጓጓም።

መቶ ብር

ከኪራዩ ለሕንፃውና ለስጦታ የሚሆነውን ለይተን ለማስቀመጥ ተስማማን። ከተስማማንባቸው ነገሮች ያቆሰለን ስጦታው ነው። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ላይ ባለቤቴን ያሳቃት ነገር አለ። ከጋራ ሀብት ከመቶ ብር በላይ ስጦታ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከአምስት መቶ ብር በላይ ለማበደር ወይም ለመበደርም እንደዚያው። በ1992 መቶ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ቦሌ ላይ ሁለት ማኪያቶ አይገዛም። «ለማኪያቶ ላስፈርምህ ነው?» አለችኝ።

ቁጥሩ ያስቃል፤ ሐሳቡ ግን አያስቅም። ወራሽ ነህ ሲባል ስልክህ ይበዛል። ሰርግ፣ ሕክምና፣ የቪዛ ገንዘብ፣ «ለልጁ ላፕቶፕ»። ባለቤቴ እምቢ ማለት አትችልም። አባቷ ለዘመድ እጃቸው ሰፊ ነበር፣ እሷ ብትጨብጥ «ልጅቷ ጠበበች» ይባላል። ተቀምጦ የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ እሳቸው የሰቀሉትን እሷ ማውረድ አቃታት። ስለዚህ መስከረም ላይ የዓመቱን የስጦታ ገንዘብ ለየን። ካለቀ አለቀ። ጠያቂውም ማን ጋ ቢደውል መልሱ አንድ ነው።

ዕቅዱ ወረቀት ላይ ያምራል። ሚያዝያ ሳይገባ አለቀ። በፋሲካ ማግሥት የባለቤቴ አክስት መጡ። ልጃቸው ውጭ ሊሄድ ነው። ባለቤቴ እንደተስማማነው «እትዬ፣ የዘንድሮው አልቋል፤ ለመስከረም እናያለን» አለቻቸው። እሳቸው እሷን አላዩም። እኔን አዩ። «አንተ ነህ?» አሉ።

እኔ ነኝም አላልኩ፣ አይደለሁምም አላልኩ። ባል ነኝ፤ የእኔ ሥራ መታማት ነው። ከእኔ በፊት ይህችን ቤት ማን እንደሚዘጋ ግልጽ አልነበረም፤ አሁን ግልጽ ነው። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ባለቤቴ ማታ አለቀሰች። በማግሥቱ ከተለየው ውጭ ትንሽ እንላክላቸው አለችኝ፣ ላክን። አክስቷ ግን ገንዘቡን ተቀብለው እኔን አልማሩኝም፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ በግንባራቸው ነው ሰላም የሚሉኝ። ዘመድ ዘንድ «ባሏ ገንዘቧን ያዘባት» ተብሏል። ወንድሟ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እሱም ግን በከፊል አምኖታል። ሚስት ወርሳ ባል ቢያማክራት «ያዘባት» ይባላል። ባል ወርሶ ሚስት ብታማክረው ደግሞ «አስማት አድርጋበት ነው» ይባላል። ወዳጆቻችን ሲኤምሲ ላይ ዝም ያሉት ፈርተው ብቻ አይመስለኝም። ይህን ያውቁታል።

ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ አንብባዋለች። አንድ አንቀጽ አስወጥታኛለች፤ ስለ ወርቋ ነበር።

በተረፈው ገንዘብ ላይ ገና እንከራከራለን። እሷ መሬት ትወዳለች። እኔ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ዓይኔ ሄዶ ነበር፤ «በእጄ የማልነካውን ነገር አልገዛም» አለች። የአባቷ ልጅ ናት። ተከራክረን እሷ የፈለገችውን ትተን፣ እኔ የፈለግኩትን በትንሹ ገዛን። ክርክሩ ግን የሁለት ባለቤቶች ክርክር ነው። ድምፃችን ሲያይል ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ይጨምሩታል።

አሁን የያዝነው የሊፍቱን ጉዳይ ነው። ለሕንፃው በለየነው ገንዘብ ይለወጣል ተብሏል። ሁለት ፕሮፎርማ ጠረጴዛው ላይ አለ። እሷ የቱርኩን ትላለች፣ እኔ መለዋወጫው እዚህ ስለሚገኝ የቻይናውን እላለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ሐኪም ደግሞ ማንኛውም ይሁን፣ ብቻ ቶሎ በሉ እያለ ነው፤ ደንበኞቹ ደረጃ ወጥተው ሲደርሱ አፋቸውን ለመክፈት ትንፋሽ እያጠራቸው ነው።